ከለቀስተኛ መታወቂያ ማን ይጠይቃል?

ከተማ ውስጥ በሰላም መኖር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ድሮ የሚመስለኝ ጧት ወጥቶ ማታ መግባት፣ ስገባም በሩን እንደነበረ፣ ቤቱን እንደነበረ፣ ባለቤቴን አስካለንም እንደነበረች ማግኘት ነበር። አሁን ግን ጥበቃ የሚባለው ነገር ትልቅ ሙያ ሆኗል። በእኛ በአዳማ ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መኝታ ቤቱ ሳይሆን ስለ አጥሩ ነው። አጥሩ ላይ ስባሪ ጠርሙስ ይተክላል፤ ከስባሪው በላይ የሾህ ሽቦ ይጠመጥማል፤ ከሽቦው ሥር ውሻ ያስራል፤ ውሻው ራሱ እንዳይሰረቅ ደግሞ በሩን በሁለት ጓጉንቸር ይከረችማል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ቁልፉን የት ያስቀምጣል? የቆጣሪው ሳጥን ውስጥ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእናንተም የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አትሸማቀቁ፣ ለማንም አልናገርም።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከዚያ የአስኳላው ትምህርት ቤት ገብቼ አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱ እኔን ተወኝ ወይስ እኔ እሱን፣ እስካሁን አልለየልንም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫኝና አውራጅ ሆኜ በትከሻዬ ኖርኩ። የመቂ ሽንኩርት፣ የአርሲ ስንዴ፣ የሻሸመኔ ድንች በዚህ ትከሻ አልፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትከሻውም አለ፣ እኔም አለሁ። ስለዚህ ስለ ጥንቃቄ ስነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። «ደረሰ» ማለትም ልክ አይደለም። እኔው ራሴ ያደረስኩትን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው መስከረም መግቢያ ላይ ነው። በሰፈራችን ከገመድ ላይ ልብስ፣ ከደጃፍ ጫማ መጥፋት በዝቶ ሰው መነጫነጭ ጀምሮ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈርተኛው ግራሩ ሥር ተሰበሰበና «የጸጥታ ኮሚቴ ይቋቋም» ተባለ። ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ዘሃራ ብድግ አለች። ዘሃራ ከደጃችን ፊት ለፊት ሳምቡሳ የምትጠብስ ጎረቤታችን ናት፤ ስትናገር ዘይቱም ዝም ይልላታል።

«ጋሽ ተክሌ ይሁኑ» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፣ ቀንም በየሦስት ሰዓቱ ይጸልያሉ። እሳቸው ካልነቁ ማን ሊነቃ ነው?»

«እሳቸው ናቸው የሚነቁት? ስልካቸው ነው እንጂ!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

የሳቁበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። እኔ ጸሎት እወዳለሁ፤ እንቅልፍ ደግሞ እኔን ይወደኛል። ሦስት ሰዓትን፣ ስድስት ሰዓትን፣ ዘጠኝ ሰዓትን ሳልጸልይ እንዳላሳልፍ ስልኬ እንዲቀሰቅሰኝ ፈለግሁ። ከስልኩ ጋር የመጣው ድምፅ ግን እንደ ወፍ ጫጩት ጭው ጭው የሚል ነው፤ ጭራሽ እሹሩሩ ይለኛል። ይህን ጊዜ መላ ያመጣችው ጫልቱ ናት።

ጫልቱ በግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየች ልብስ ሰፊ ናት። ከዓለም ጤና ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ በአንዲት የስፌት መኪና ራሷን ችላ፣ እናቷንም ትረዳለች። እኔና አስካለ ልጅ አልወለድንም፤ ጫልቱ ኪራይ እየከፈለች የመጣችልን ልጅ ናት። «አባባ፣ እርስዎን የሚያነቃ ድምፅ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው» አለችና ስልኬን ይዛ ወደ አስካለ ሄደች። አስካለም አልተግደረደረችም። ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ያጠራቀመችውን ሁሉ አወጣችው፦

«ኧረ ተነሥ! ሰው ሲጮኽ አትሰማም? ኧረ የሰው ያለህ! ሊገድለኝ ነው ይህ ሰውዬ! ኧረ ተነሥ!»

ጫልቱ ይህን ቀዳች፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ስልኬ ላይ አላርም አደረገችልኝ። በእጄ ካልዘጋሁት ሳይታክት ይደጋግመዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ በሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይነሣል። የተኛውም፣ የቆመውም።

እና ተመረጥኩ። በዕድሜዬ ሥልጣን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ያናግራል። ግራሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁና የመጀመሪያውን መመሪያዬን ሰጠሁ።

«ወገኖቼ፣ ሥራችንን ከዛሬ እንጀምር። ጫልቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አጎቷ አርፈውባት ዛሬ ጧት ለቅሶ ወደ አገሯ ሄዳለች። እስከ ሐሙስ አትመለስም። ቤቷ ባዶውን ነው። የስፌት መኪናዋም፣ ሰው ዩኒፎርም አሰፋለሁ ብሎ የሰጣት ጨርቅም እዚያው ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ዓይናችሁን ከበሯ ላይ እንዳትነቅሉ!»

እስቲ ይህን ንግግር እንደገና አንብቡት። አንድ ሌባ ሊያውቀው ፈልጎ ያልነገርኩት ነገር አለ? ማን እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ምን እንዳለ፣ ቁልፉ የት እንዳለ። የቀረኝ በእንጨት መሬት ላይ መንገዱን ሥዬ ማሳየት ብቻ ነበር።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ከኋላ የቆመ ረዘም ያለ ወጣት ነው። ኮፍያ ደፍቶ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ የአዳማን ነፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው መነጽር የሚያስጠረጥር ነገር አይደለም። እጁን አወጣና አስተያየት ሰጠ።

«ጋሽ ሰብሳቢ ግሩም ብለዋል። እኔ የምጨምረው፣ የዘንድሮ ሌባ ግንባሩ ላይ አልተጻፈበትም። ደህና ሰው መስሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማንም ይምጣ ማን፣ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብለን እንጠይቅ!»

ልቤ በደስታ ሞላ። እንዲህ ያለ ወጣት ያብዛልን አልኩ በሆዴ። «የኔ ልጅ፣ የት ነው የምትኖረው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እዚሁ፣ ከጀርባ ነኝ አባባ።»

ከየትኛው ጀርባ ብሎ የጠየቀው የለም። በየሰፈሩ «ከጀርባ» የሚኖር ሰው አለ። ኮሚቴው ውስጥ ይግባ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ እሱ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ «ሰሞኑን ሥራ ይበዛብኛል» አለ። እውነቱን ነው። ሥራ ነበረበት።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እየቆላች ነው፤ አስካለ ገበያ ሄዳለች፤ እኔ የስድስት ሰዓቱን ጸሎት ጨርሼ በር ላይ ካለችው ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። አንድ አይሱዙ መጥቶ ደጃፋችን ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበዋል። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም።

«አካም ጅርቱ ኦቦ?» አለ አጭሩ በተሰበረ ድምፅ፤ በኦሮምኛ ደህና ነዎት ጌታዬ ማለቱ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነጋ ነጋ» ብዬ በእሱው ቋንቋ መለስኩና ተነሣሁ።

«የጫልቱ ዘመዶች ነን። አጎታችን...» ብሎ ጀመረና አቃተው። ረዥሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የዚያን ጊዜ የሚያለቅስ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን እየሳቀ ነበር።

«ያጽናችሁ ልጆቼ፣ ያጽናችሁ።»

«እናቷን የሚጦሩላት እሳቸው ነበሩ» አለ አጭሩ፤ «እናቷ ብቻቸውን ቀሩ። ጫልቱም ከእንግዲህ ከእናቴ አልለይም ብላለች። ዕቃዬን ጭናችሁ አምጡልኝ፣ ቁልፉ ከአባባ ተክሌ ዘንድ ነው ብላ ላከችን።»

አሁን እናንተ በሆዳችሁ «ምነው መታወቂያ አትጠይቅም ነበር» ትላላችሁ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጋቢ ተከናንቦ ለሚያለቅስ ሰው «ያጽናህ፤ መታወቂያህን አሳየኝ» ያለ ሰው በአገራችን ታይቶ ያውቃል? ለቀስተኛ በመጣ ጊዜ እኛ የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ማጽናናት፣ ሁለት ዕቃ መሸከም። ድንኳን እንሸከማለን፣ ወንበር እንሸከማለን፣ ድስት እንሸከማለን። ጥያቄ የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት ነው ቀብሩ?» ብቻ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ሸንቆር አደረገኝ። ሰብሳቢ ነኝ እኮ። «መጣሁ ልጆቼ» አልኩና ከጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ እንደሰረቀ ሰው ተደብቄ ለጫልቱ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው፤ በዚያ ገጠር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው። ስልኩን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና አፈርኩ። ሐዘንተኛን ተጠራጠርኩ! አማተብኩ፤ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» አልኩ። ከዚያም ለበደሌ ንስሐ እንዲሆነኝ ቁልፉን አመጣሁ፣ በሩን በእጄ ከፈትኩላቸው፤ ቁምሳጥኑንም ብቻዬን ተሸክሜ አወጣሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ጉዱ የመጣው መጫን ሲጀምሩ ነው። ልጆቹ መጫን አያውቁም። ፍራሹን ከታች አነጠፉ፣ ብረት አልጋውን በላዩ ወረወሩ፣ የስፌት መኪናዋን ጠርዝ ላይ እንደ ድንጋይ አስቀመጧት። ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል? እናንተ ትችሉ ይሆናል። እኔ ደሜ ፈላ።

«ኧረ ወዲያ በሉ! ማነው መጫን ያስተማራችሁ?» ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ያን ሁሉ አስወርጄ እንደገና አስጀመርኩ። አልጋው ከታች፣ ቁምሳጥኑ ከካቢናው ጀርባ፣ ፍራሹ መሐል፣ የዩኒፎርሙ ጨርቅ እንዳይቆሽሽ በሸራ ተጠቅልሎ። የስፌት መኪናዋን ልክ እንደ ጨቅላ ልጅ መሐል ላይ አስተኛኋት። ብረቷ እንዳይጫር የምሸፍንበት ባጣ ጊዜ ኮቴን አወለቅሁና በደንብ አድርጌ ጠቀለልኳት። ከዚያ ወንበሩን፣ ሳጥኑን፣ ሌላውን ሁሉ በላዩ ደርድሬ፣ ገመዱን በራሴ ቋጠሮ ጠፈርኩት። የኔን ቋጠሮ የአዳማ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ካልፈታሁት የሚፈታው መጋዝ ነው።

ጎረቤቱም ዝም አላለም። አንዱ ውኃ አመጣ፤ አንዱ ሳጥን አቀበለ፤ ዘሃራ ሃያ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ «ለመንገድ» ብላ ለሾፌሩ ሰጠች፤ አጭሩም «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለ፣ እያመሰገነ ለእያንዳንዱ ጎንበስ አለ። ከሃያ ሰው በላይ ቆመን ሸኘናቸው። ዓይናችሁን ከበሯ ላይ እንዳትነቅሉ ብዬ አልነበር? አልነቀሉም። ቤቱ ሲጋዝ ሁሉም ቆሞ ያያል።

ሊሄዱ ሲሉ ሁለት እጄን ዘረጋሁና መረቅኋቸው። «መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ይህን ዕቃ አንድ ሳይጎድል፣ አንድ ሳይሰበር፣ በሰላም ለባለቤቱ ያድርስልን!»

«አሜን» አለ ረዥሙ። ጮክ ብሎ ነው አሜን ያለው፤ ምስኪን፣ በምን ላይ አሜን እንዳለ አላወቀም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አስካለ ከገበያ ገባች። የጫልቱን ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ባዶውን አየችው። የሆነውን ስነግራት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ «ሳትሰናበተኝ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም እዚያ ቁጭ ብለን ስናለቅስ የአስካለ ስልክ ጠራ። ጫልቱ ናት።

«እማማ፣ አባባ ደውለውልኝ ነበር፤ አሁን ኮረብታ ላይ ስወጣ መልእክቱ ገባልኝ። ስደውልላቸው አያነሡም። ደህና ናቸው?»

«ምን ደህና አለ፣ አንቺ ጥለሽን ሄደሽ! ምናለ ብትሰናበቺን?»

«ምን ብዬ ነው የምሰናበታችሁ? ሐሙስ እመጣ የለም እንዴ?»

አስካለ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻት። ጫልቱ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እማማ... የስፌት መኪናዬንም?»

በሚቀጥለው ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም በእሷ እጅ ነው። ያቺ መኪና የእሷ እንጀራ ናት፣ የእናቷ እንጀራ ናት፣ አምስት ዓመት ጎንበስ ያለችባት ናት። ይህን ሁሉ ለእኔ ነው አደራ ብላ የሄደችው። እኔ ደግሞ አደራውን በኮቴ ጠቅልዬ፣ በገመድ ጠፍሬ፣ በሳምቡሳ ሸኘሁት።

ሰፈሩ ተተራመሰ። አንዱ በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ከነፈ። ፖሊሶቹም በደግ ቃል «የመኪናውን ሰሌዳ ንገሩን» አሉ። ሃያ ሰው ቆመን ነበር አላልኳችሁም? ሰሌዳውን ያየ አንድም የለም። የጋቢያቸውን ጥለት ግን ሁላችንም አስታወስን። ዘሃራ አጭሩ ስንት ሳምቡሳ እንደበላ እንኳ ትናገራለች።

እኔ ወደ ባዶው ክፍል ገባሁና ተንበረከክሁ። የምለው ጠፋኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ሸሸኝ፤ «የእሷን ብቻ መልስላት፣ እኔን እንደፈለግህ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረችልኝ። እሷን ስደጋግም ቆየሁ። በኋላ ቀና ስል አስካለ በር ላይ ቆማ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ተክሌ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እኮ። ለምንድን ነው ያልጮኽኩት?»

ኪሴን ዳበስኩ። ኮት የለም። ኮቱ የት እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እሱን አውልቄ የስፌት መኪናዋን ጠቅልዬበታለሁ፤ ስልኩም በኪሱ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ከአዳማ እንውጣና ሞጆ መዳረሻ ካለው ኬላ እንሂድ። ያልነበርኩበትን የምነግራችሁ የኬላው ሳጅን እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ስለነገረኝ ነው። አይሱዙው ኬላው ላይ ቆመ። ሳጅኑ «ምንድን ነው የጫናችሁት?» አለ።

«የለቅሶ ቤት ዕቃ ነው ጌታዬ» አለ አጭሩ፤ አፉ ውስጥ የቀረችውን ሳምቡሳ ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ።

ሳጅኑ ምን ያለ ይመስላችኋል? «ያጽናችሁ» አለ። እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ኮፍያውን ነካ አድርጎ እለፉ ብሎ እጁን አነሣ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ሰዓቱ ልክ ዘጠኝ ሆነ። ከጭነቱ ሆድ ውስጥ፣ ከቁምሳጥንና ከፍራሽ ሥር፣ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ኧረ ተነሥ! ሰው ሲጮኽ አትሰማም? ኧረ የሰው ያለህ! ሊገድለኝ ነው ይህ ሰውዬ!»

ሾፌሩ «በስመ አብ!» ብሎ በሩን ከፍቶ በሽንኩርት ማሳው መሐል እግሬ አውጪኝ አለ። ሳጅኑ ፊሽካውን ነፋ። «ሴት አግተዋል! ቁም! እጅ ወደ ላይ!» ፖሊሶች ከየጥላው ሥር ተስፈንጥረው ወጡ። ሁለቱ ለቀስተኞች እንደሐውልት ደርቀው ቀሩ፤ እነሱም እኮ ከየት እንደመጣች አያውቁም! እየጫንኩ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ ጠቅልዬ የጨመርኩባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ፖሊሶቹ ገመዱን ለመፍታት ተረባረቡ። ቋጠሮው የኔ ነው፤ አራት ሰው ታገለው፣ ንቅንቅ አላለም። እስከዚያው ሳጅኑ ቁምሳጥኑ ላይ አፉን አድርጎ ይጮኻል፦ «አይዞሽ እናቴ! ደርሰንልሻል!»

«ኧረ ተነሥ!» ትላለች አስካለ።

«ተነሥተናል እናቴ! ትንሽ ታገሺን!»

«ሰው ሲጮኽ አትሰማም?»

«ሰምተናል! ሰምተናል!»

ቢላ መጥቶ ገመዱ ተቆረጠ። ወንበሩ ወረደ፣ ሳጥኑ ወረደ፣ ፍራሹ ተነሣ፤ የታገተች ሴት የለችም። አንዲት የስፌት መኪና በአሮጌ ኮት ተጠቅልላ በሰላም ተኝታለች፣ ኮቱ ይጮኻል። ሳጅኑ ስልኩን አውጥቶ ሲያየው «አስካለ» የሚል ስም አገኘና ደወለ። እኛ ዘንድ የአስካለ ስልክ ጠራ፤ የኔ ስም ሲወጣበት አይታ ፈጥና አነሣችው።

«ወይዘሮ አስካለ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለ የማናውቀው ድምፅ።

«ነኝ! ማነህ አንተ? የሰው ስልክ ይዘህ...»

«ይቅርታ እናቴ፣ በሕይወት መኖርዎን ለማረጋገጥ ነው። አሁን ገባኝ፤ ድምፅዎን ለይቼዋለሁ።»

እኔና አስካለ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሞጆ ደረስን። ዕቃው አንድ ሳይጎድል፣ አንድ ሳይሰበር ቆሟል። ጣቢያው ውስጥ ሁለቱ ጋቢያቸውን አውልቀው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ረዥሙን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ መነጽሩን በሐሳቤ አደረግሁለት፣ ኮፍያውንም ደፋሁለት። ያ አስተያየት ሰጪው ነው! ከጀርባ የሚኖረው!

«አንተ! አንተ አይደለህም እንዴ ማንም ይምጣ ማን እንጠይቅ ያልከው?»

አንገቱን ደፋ። «እኔማ ብያለሁ አባባ። እርስዎ ነዎት ያልጠየቁን።»

እውነቱን ነው። አልጠየቅኋቸውም።

ሳጅኑ ወረቀት አወጣና «እኚህን አባት ታውቋቸዋላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እንዴት አናውቃቸውም» አለ አጭሩ፤ «በሩን የከፈቱልን እሳቸው፣ የጫኑልን እሳቸው፣ ገመዱን ያሰሩልን እሳቸው። መርቀውንማል።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። ሊስቅ ፈልጎ ጢሙን ያሻል። «አባቴ፣ የት ልመዝግብዎ? ከተጠርጣሪ ጋር ወይስ ከምስክር ጋር?»

ከኔ በፊት አስካለ መለሰች። «ከዕቃው ጋር መዝግበው!»

ጫልቱ በማግስቱ መጣች። ዕቃው ከሞጆ ተመልሶ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ለመግባት ፈርቻለሁ። ሰላም አለችን፤ ከዚያ ሳትቀመጥ፣ ጥቁር ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች። በእጇ ዳበሰቻት። ክር አሾለከች። ከዩኒፎርሙ ቁራጭ ጨርቅ አስገባችና እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። ያን ድምፅ፣ ያን ተርተርተር የሚለውን፣ እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ይረብሸኛል ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ስሰማው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«አባባ» አለች፣ «እንዲህ ተጠንቅቀው የሰረቁት ዕቃ አይቼ አላውቅም። ጭረት እንኳ የለውም።»

ከዚያ ሣቀች። እሷ ስትስቅ አስካለ ሣቀች፤ እኔ ግን እስክጠግብ አልቅሼ ነው የደረስኩባቸው።

ሰኞ ዕለት ልጆቹ በአዲስ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት ሄዱ። ለአጎቷ አርባ ደግሞ ጫልቱ እንደገና ወደ አገሯ ልትሄድ ሆነ። ቁልፉን ለዘሃራ ትሰጣለች ብዬ ነበር፤ ብትሰጥ አልፈርድባትም። እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ በራችንን ቆርቆር አድርጋ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው። «የትም አልሄድኩም። እሺ አባባ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የትም አልሄድሽም» አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ጫልቱ የት ናት ላለኝ ሁሉ «ተኝታለች» እያልኩ ቆየሁ። ዘሃራ «ሦስት ቀን?» ብላ ሐኪም ልትጠራ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቤታችሁ ባዶ መሆኑን ለሚጠብቅላችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ለግራሩ ሥር ጉባኤ አትንገሩ። መኪና ደጃችሁ ሲቆም ከጋቢው ጥለት በፊት ሰሌዳውን እዩ። ዕቃ ልወስድ ነው የሚል ሲመጣ ባለቤቱን ሳታገኙ በር አትክፈቱ፤ ስልኩ ዝግ ከሆነ እስኪከፈት ጠብቁ። ለመጠየቅ ደግሞ እንደኔ ሽንት ቤት ጀርባ አትደበቁ። ሐዘንተኛ ከሆነ ወንበር ስጡት፣ ውኃ ስጡት፣ ያጽናህ በሉት፤ ውኃውን ሲጠጣ «የማን ልጅ ነህ?» በሉት። እውነተኛ ለቀስተኛ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርላችኋል፣ ደስ ይለዋልም። አብሮ ማልቀስ ደግ ነው፤ አብሮ መጫኑ ግን ትንሽ ይቆይ።

ዕቃው የተገኘው በአላርም ነው የሚሉኝ አሉ፤ በቋጠሮህ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሁለት እጄን ዘርግቼ «አንድ ሳይጎድል፣ አንድ ሳይሰበር፣ በሰላም ለባለቤቱ ያድርስልን» ብዬ ነበር፤ ሌባውም አሜን ብሎልኛል። ሁለት ሰው የተስማማበት ጸሎት ነው።

አሁን በጣም ጠንቃቃ ሰው ሆኛለሁ። ለምሳሌ በዚህ በታኅሣሥ እኔና አስካለ ለገብርኤል ንግሥ ቁልቢ እንሄዳለን። ለሰፈሩ ትንፍሽ አላልንም። ጫልቱም እናቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ ግቢው በሙሉ ለአራት ቀን ባዶ ነው። ቢሆንም መላ አግኝተናል፤ ስልኬን ከአልጋው ሥር ትቼው እሄዳለሁ፤ የሚዘጋት ስለሌለ አስካለ ሳታርፍ ትጮኻለች፣ የሚሰማ ሁሉ ቤቱ ሰው አለበት ይላል። ቁልፉንም ከእንግዲህ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ አናስቀምጥም፤ ከውኃ በርሜሉ ሥር፣ ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ...

ወይኔ ሰውዬው!

ነገርኳችሁ አይደል?

እስቲ ቆይ፤ ከኋላ ሆኖ የሚያጨበጭበው ማነው?